ገለፈቱ ይሠራል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ግን አይደለም

አክስቴ አቃቂ ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ ኬሚስትሪ አይደል የተማርከው?» አለች። ነው አልኳት። «እንግዲያው ናና ይህቺን ውሃ እያት።»

ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ጥግ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ክዳኑን ስከፍተው ያገኘሁት ውሃ ሳይሆን ሻይ ነው። ቡናማ፣ ላዩ ላይ ገለፈት የሚንሳፈፍበት። ጎረቤት ያሳየቻትን ጽሑፍ አንብባ፣ ማታ ሁለት እፍኝ የቡና ገለፈት ጨምራ አሳድራዋለች። ጠዋት በነጠላ አጥልላ ልትጠጣው ነበር። ቀለሙ ነው ያስደነገጣት።

አክስቴ ሞኝ አይደለችም። ጓሮዋ ያለው ጉድጓድ ከወንዙ ብዙ አይርቅም። ወንዙ ደግሞ አቃቂ ነው። አዲስ አበባን እያቋረጠ የፋብሪካውንም፣ የጋራዡንም፣ የሽንት ቤቱንም አግበስብሶ አባ ሳሙኤል የሚገባው ወንዝ። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ውሃዬ ውስጥ ምን አለ?» ብላ መጨነቋ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው የተሰጣት መልስ ነው።

ጽሑፉን ተቀብዬ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ይላል። የቡና ገለፈት፣ የጤፍ ጭድ፣ የሽፈራው ፍሬና እንቦጭ ከውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን (እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም የመሳሰሉትን) 99 በመቶ ያስወግዳሉ። ለሁሉም ብረት ይሆናሉ፣ ፍሎራይድንም ይጨምራል። ማንም ሰው እቤቱ አንድ ሁለት እፍኝ ጀሪካን ውስጥ ጨምሮ፣ አሳድሮ፣ አጥልሎና አፍልቶ መጠጣት ይችላል። ነገሩ ቆሻሻ ስለሆነ ወጪ የለውም። ይህ ሁሉ በእጃችን እያለ ለፍሳሽ ማጣሪያ ሚሊዮኖች ማፍሰስ ሞኝነት ነው። የተጠቀሙበትን ገለፈት ደግሞ ጓሮ ለአትክልት መድፋት ነው።

በዚሁ ቅደም ተከተል ልመልስ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን በሩጫ አልፈዋለሁ።

ገለፈት ብረት ይይዛል የሚለው እውነት ነው። ይህን የምለው ጸሐፊውን ለማባበል አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በዚሁ ላይ ነው። ወራት ሙሉ የቡና ገለፈት ሳጥብ፣ ሳደርቅ፣ ስፈጭ፣ በወንፊት ስነፋ ከርሜያለሁ። ቤቴ ድረስ ይሸተኝ ነበር።

እንዴት እንደሚይዝ በታክሲ ላስረዳ። ገለፈትም ሆነ ጭድ ሲፈጭ ገጹ ላይ ጥቃቅን መቀመጫዎች አሉት። እነዚህ ተክሉ በተሠራባቸው ነገሮች፣ በሴሉሎሱ፣ በሊግኒኑና በፔክቲኑ ላይ ያሉ አሲድ ነክ ቡድኖች ናቸው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብ ደግሞ በውሃ ሲሟሙ ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ ይሳሳባሉ። መቀመጫው ግን ባዶ አይደለም። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም ቀድመው ተቀምጠውበታል። እርሳስ ሲመጣ አንዱን አስነስቶ ይቀመጣል። ሥራው ይኸው ነው።

ውሃው አሲዳማ ሲሆን ሃይድሮጅን እንደ ጉድ ይግተለተልና መቀመጫውን ሁሉ ይሞላዋል። እርሳሱ ቆሞ ይቀራል። ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒኤቹን (የአሲዳማነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ አድርገን የምንሠራው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ስለ ፒኤች አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ገለፈት እየጻፉ ፒኤችን መዝለል ስለ ወጥ እያወሩ ጨውን እንደመርሳት ነው።

አሁን ወደ 99 በመቶው። ይህ ቁጥር ውሸት ነው አልልም። እኔም አግኝቼዋለሁ። ግን የምን 99 በመቶ ነው? በሊትር 50 ሚሊግራም እርሳስ ካለው ውሃ 99 በመቶውን ብታወጡ 0.5 ሚሊግራም ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ያ «99 በመቶ የጸዳ» ውሃ ከመመሪያው 50 እጥፍ እርሳስ አለበት። ፐርሰንት እንዲህ ነው። ለመጠጥ ውሃ የሚጠየቀው ስንት ወጣ ሳይሆን ስንት ቀረ ነው።

ጽሑፉ አንድ ግራም ገለፈት እስከ 50 ሚሊግራም እርሳስ ይይዛልም ይላል። ይህም በወረቀት ላይ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ የስህተቱ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ያ ቁጥር የሚገኘው አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርቪንግ ላንግሙር እ.ኤ.አ. በ1918 ካወጣው ቀመር ነው። ሰውዬው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ በገጽታ ኬሚስትሪ ሥራው ኖቤል ተሸልሟል። ቀመሩ የሚነግረን የመጨረሻውን አቅም ነው። ማለትም ታክሲው ጥቅጥቅ ብሎ፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ የሚይዘውን ሰው። ይህ የሚሆነው መገናኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ሰልፉ ሲጠማዘዝ ነው። እሁድ ጎህ ሲቀድስ? ያው ታክሲ ሁለት ሰው ይዞ ይሄዳል። መቀመጫው አልቀነሰም፤ ተሳፋሪ ነው የሌለው። የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ እርሳስ እሁድ ጎህ ላይ ያለ ተሳፋሪ ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ የአክስቴ ጉድጓድ በሊትር 0.05 ሚሊግራም እርሳስ ቢኖረው ብለን እንነሳ። ወደ 0.01 ለማውረድ ከ20 ሊትሩ ውስጥ 0.8 ሚሊግራም ማውጣት አለብን። በጸሐፊው ስሌት፣ በግራም 50 ሚሊግራም ካልን፣ 0.016 ግራም ገለፈት ይበቃል። ከአንድ ቁንጥር ጨው ያነሰ። አሁን ደግሞ በትክክለኛው ቀመር እንሂድ። የገለፈቱ መቀመጫ ግማሽ የሚሞላው በሊትር 20 ሚሊግራም ላይ ነው እንበል። ከዚያ በ0.01 ላይ አንድ ግራም የሚይዘው 0.025 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ 32 ግራም ያስፈልጋል። ልዩነቱ 2,000 እጥፍ ነው።

«እና 32 ግራም ምን አላት? ሁለት እፍኙ አይበቃም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በተጣራ የላብራቶሪ ውሃ፣ በተፈጨና በታጠበ ገለፈት፣ በማሽን ለሰዓታት እየተናጠ ቢሆን ምናልባት። የጉድጓድ ውሃ ግን የተጣራ ውሃ አይደለም። በሊትር 50 ሚሊግራም ካልሲየም ያለው ውሃ ብርቅ አይደለም። ይህ በክብደት ከእርሳሱ 1,000 እጥፍ ነው፤ በአተም ቁጥር ደግሞ ወደ 5,000 እጥፍ። አንድ የእርሳስ ተሳፋሪ ታክሲ ውስጥ ለመግባት ከ5,000 ገደማ ካልሲየም ጋር ይጋፋል። አንዳንዴ ይገባል፣ ገፋፊ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስንቴ እንደገባ አክስቴ በምን ታውቃለች? እርሳስ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።

«ለሁሉም ብረት ይሆናል» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ውሃ አያነሳም። ከባድ ብረት የሚባል አንድ ነገር የለም። ክሮሚየምን እንውሰድ። ሁለት መልክ አለው። ቆዳ የሚለፋበት ሦስት ቫሌንሲ ያለው ክሮሚየም ፖዘቲቭ ነው፤ ገለፈቱ ይይዘዋል። ካንሰር የሚያመጣው ባለ ስድስቱ ግን ውሃ ውስጥ ክሮሜት ሆኖ ይገኛል፤ ክሮሜት ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይገፋፋል። እሱን ለመያዝ ውሃውን እስከ ፒኤች 2 አሲዳማ ማድረግ ያስፈልጋል። ፒኤች 2 ማለት የሎሚ ጭማቂ ነው። አርሴኒክም እንደዚያው፤ እንዲሁ በጥሬው ገለፈት እምብዛም አይያዝም፣ አይረን ኦክሳይድ (የብረት ዝገት ዓይነት) ካልተቀባ በቀር።

ፍሎራይድ ብረት እንኳ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ጥርሱን አይቶ ያውቀዋል። ወንጂ፣ ዝዋይ፣ ያ ሁሉ አካባቢ። መመሪያው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ አንዳንድ ጉድጓዶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳሉ። ፍሎራይድ የሚወጣው በተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ወይም በአሉምና ኖራ ነው። ያልተለወጠ የቡና ገለፈት አያወጣውም። አንድ እናት ይህን አምና ልጇን ያንኑ ውሃ ብታጠጣ፣ የልጁ ጥርስ ነው የሚከፍለው።

ሽፈራውን በተመለከተ ጸሐፊው ሁለት ነገር አደባልቋል። የሽፈራው ፍሬ ሲፈጭ ውስጡ ያለው ፕሮቲን የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ያለውን ጭቃ ሰብስቦ ወደ ታች ያወርዳል። ይህ በእውነት ድንቅ ነገር ነው። በሱዳን ሴቶች የአባይን ውሃ በዚህ ያጠሩ ነበር። ከጭቃው ጋር የተጣበቀ ብረትም አብሮ ይወርዳል። ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ፍሬው ደግሞ የራሱን ኦርጋኒክ ነገር ውሃው ውስጥ ይተዋል፤ ከአንድ ቀን በላይ ካቆያችሁት ባክቴሪያ ያፈራል።

እንቦጭን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። አዎ፣ ደርቆ ሲፈጭ ብረት ይይዛል። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ተረጋገጠ፤ እስካሁን እየታገልነው ነው። የሚጠቅምበት መንገድ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ አንድ ኩንታል ነቅላችሁ ስታደርቁት ከአሥር ኪሎ ያነሰ ይቀራችኋል። በዚያ ላይ በሕይወት እያለ ብረት ሲመጥ የኖረ ተክል ነው። ከቆሸሸ ውሃ የተነቀለ እንቦጭ ጀሪካን ውስጥ መጨመር ማለት ቆሻሻ ፎጣ ይዞ ወደ ገላ መታጠቢያ መግባት ነው።

ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። የአክስቴ ውሃ ለምን ሻይ መሰለ? ምክንያቱም ሻይ ስለሆነ። ገለፈቱ ታኒንና ካፌይን፣ ሌላም ብዙ የሚሟሟ ነገር አለው። በሐረር ገለፈቱን አፍልቶ መጠጣት የኖረ ነገር ነው፤ በራሱ መርዝ አይደለም። ግን ይህ ሁሉ ኦርጋኒክ ነገር ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲያድር ለተህዋስያን ግብዣ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ስናጥበው የመጀመሪያው ውሃ ጠጅ ይመስላል። እስኪጠራ ሰባት ስምንት ጊዜ እንቀይራለን። በየዙሩ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ ለማጽዳት ውሃ መድፋት ማለት ነው።

ማፍላቱ? ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስ አይሞትም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ብረቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋርም ቢሆን ክሎሪን ነው፤ ለተቅማጥ ፍቱን ነው፣ ለካድሚየም ግን ምንም አይሠራም።

ጽሑፉ ያልነካው ሌላ አደጋ አለ። አንዱን ገለፈት ደጋግሞ መጠቀም። አክስቴ «ለሦስት ቀን ልገለገልበት ነበር» አለችኝ። ገለፈቱ ብረቱን ለዘላለም አልተረከበውም። ትናንት በቆሸሸ ውሃ የተሞላ ገለፈት ዛሬ የተሻለ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ ከያዘው ከፊሉን መልሶ ያወርዳል። በዚህ ላይ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ ቢገባበት ተሳፋሪው ሁሉ «ወራጅ አለ!» ይላል። እኛም ላብራቶሪ ውስጥ ገለፈቱን የምናራግፈው በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ኬሚስትሪው አይደለም። የውሸት መተማመኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። ጉዳዩ ጭንቅላታቸው ላይ ነው፣ ተመልሶም አይስተካከልም። ውሃውን የምትጠራጠር እናት ቢያንስ ለልጇ ሌላ ውሃ ትፈልጋለች። ገለፈት ጨምሬበታለሁ ያለች እናት ግን መፈለጓን ታቆማለች።

«ወጪ የለውም» ስለሚለው ገበሬ ቢሰማው ይስቃል። የጤፍ ጭድ ቆሻሻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በጋ ላይ የከብት ነፍስ የሚያቆየው ጭድ ነው። ቤት ሲለሰን ጭቃው ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። ጭድ በብር የሚሸጥ ዕቃ ነው። የቡና ገለፈት ይሻላል፤ በደረቅ ከሚዘጋጀው ቡና ላይ ሲፈለፈል ብዙ ይወጣል፣ ብዙ ቦታም ተከምሮ ይቀራል። ግን የሚከመረው ጅማ ነው፣ የቆዳ ፋብሪካው ደግሞ ሞጆና አቃቂ። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገለፈት ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይበላል፤ የጭነት መኪናው አብዛኛውን አየር ነው የሚጭነው። በዚያ ላይ ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ ወፍጮው አለ። (ቡና አጣቢዎች አካባቢ ደግሞ የእሸቱ ልጣጭና እጣቢው ራሱ ወንዝ እየበከለ ነው። ወንዝ አጽጂ የተባለው ቡና ወንዝ አቆሻሽ ሆኖ መገኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

አሁን ከጸሐፊው ጋር በጣም የምንለያይበት ላይ ደረስን። ገለፈት ካለ ማጣሪያ አያስፈልግም ይላል። እኔ ደግሞ ገለፈት የሚጠቅመው ማጣሪያ ካለ ብቻ ነው እላለሁ።

ቆዳ ፋብሪካን እንይ። ቆዳ ሲለፋ ከሚጨመረው ክሮሚየም ቆዳው የሚጠጣው በግምት ከ60 እስከ 80 በመቶውን ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። በዚህ ሰዓት በሊትር ሺዎች ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ገለፈት ማቅረብ ጎርፍን በስፖንጅ እንደማድረቅ ነው። ትክክለኛው ሥራ የታወቀ ነው። ኖራ ጨምሮ ፒኤቹን ወደ 8 ወይም 9 ማውጣት። ክሮሚየሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ደህና የሆነ ፋብሪካ ያንን ዝቃጭ በአሲድ አሟሙቶ መልሶ ይለፋበታል፤ የኬሚካል ወጪም ይቆጥባል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ገለፈት የሚገባው እዚህ ነው፣ መጨረሻው በር ላይ። በትልቅ ቱቦ ተሞልቶ፣ ውሃው በቀስታ እያለፈበት፣ መውጫው ላይ በየቀኑ በመሣሪያ እየተለካ። እዚያ ቦታ ላይ ከውጭ በዶላር የሚገባውን ብረት መያዣ ሬዚን ወይም አክቲቬትድ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) በከፊል ሊተካ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ያን ሁሉ ወር ያጠብኩት ለዚህ ነበር።

እሱም ቢሆን ልኩን እንወቅ። አንድ ፋብሪካ በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ቢያወጣ፣ ከኖራው በኋላ በሊትር 20 ሚሊግራም ክሮሚየም ቢቀረው፣ በቀን 2 ኪሎ ክሮሚየም ነው። አንድ ግራም ገለፈት በተግባር 10 ሚሊግራም ቢይዝ በቀን 200 ኪሎ ገለፈት ይፈልጋል። በዓመት ወደ 73 ቶን። ኖራውን ዘልላችሁ በቀጥታ በገለፈት ልሥራ ብትሉ ይህን በመቶ አባዙት። ከሞጆ ቁልቁል ቆቃ አለ። አሳ የሚጠመድበት፣ ከብት የሚጠጣበት። የአቃቂን ዳር ተከትሎ ደግሞ ቆስጣው፣ ሰላጣውና ጎመኑ አለ፤ ጠዋት አዲስ አበባ ገበያ የሚገባው። ይህንን ሁሉ በእፍኝ ገለፈት ማዳን አይቻልም። መውጫው ላይ የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል፣ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ገለፈቱን ጓሮ መድፋት ነው። ይህን ሳነብ ጽሑፉን ያመጣችውን ጎረቤት ጠርቼ ላስጠነቅቃት ተነሳሁ። ብረት አይበሰብስም። ገለፈቱ ሲበሰብስ የያዘውን አፈሩ ላይ ያወርዳል፣ ከአፈሩ ቆስጣው ይወስዳል፤ ካድሚየም በተለይ ቅጠል ይወዳል። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም። እርሳሱ አመድ ውስጥ ይከማቻል፣ ካድሚየሙ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል። ክሮሚየም የያዘ ገለፈት ደግሞ አየር ባለበት ሲቃጠል ያ ክፉው ባለ ስድስት ቫሌንሲ ሊፈጠር ይችላል።

የአክስቴን ገለፈት በፌስታል ቋጥሬ ወሰድኩት። ውሃው እንዲመረመር በንጹሕ ጠርሙስ ቀዳሁላት፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከቧንቧው ብቻ እንድትጠጣ ተስማማን። ጉድጓዱ ለልብስ ይሆናታል።

መንገድ ላይ ፌስታሉን ይዤ የላብራቶሪው ባልዲ ትዝ አለኝ። ጥናቴን ስጨርስ እርሳስ የጠገበ ሁለት ኪሎ ገደማ ገለፈት ባለ ክዳን ቢጫ ባልዲ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ላዩ ላይ በእስክርቢቶ «አትንኩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቁልፍ ላስረክብ ስሄድ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ባልዲውን አየት አደረገና «ይሄንንስ የት ላድርገው?» አለኝ። «ጋሼ፣ ለጊዜው እዚያው መደርደሪያው ስር ይቀመጥ» አልኩት። መደርደሪያው ስር ጎንበስ ብሎ አየ። ከእኔ በፊት የነበሩ ልጆች የተዉዋቸው ሦስት ባልዲዎች አሉ።